ከቁጥሩ በፊት ጥያቄው ይታይ





በየመሥሪያ ቤታችን ሪፖርት በሚዘጋጅበት ጊዜ ከቆየው ጥናት አንድ ቁጥር፣ ከአዲሱም አንድ ቁጥር ተወስዶ ጎን ለጎን ይጻፍና ልዩነቱ «ዕድገት» ተብሎ ለበላይ አለቃ ይቀርባል። እኔም ለብዙ ዓመት ይህንኑ ሳደርግ ኖሬአለሁ። ዳሩ ግን ሁለቱ ቁጥሮች የአንድ ጥያቄ መልስ መሆናቸውን ከመካከላችን የሚመረምር ጥቂት ነው።

ማንበብ የሚችለውን ሕዝብ እንመልከት። በሕዝብ ቆጠራ ጊዜ ቆጣሪው ከቤቱ አባወራ ወይም ከሌላ ዐዋቂ ሰው ፊት ተቀምጦ እገሌ ማንበብና መጻፍ ይችላልን ብሎ ይጠይቃል፤ የተነገረውንም ይመዘግባል። በ1997 እና በ2003 ዓ.ም. በተደረጉት የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናቶች ግን ዕድሜዋ ከ15 እስከ 49 የሆነ፣ ከፍ ያለ ትምህርት የሌላት ሴት ዐረፍተ ነገር የተጻፈበት ካርድ ተሰጥቷት ራሷ እንድታነብ ተደርጓል። ያኛው ወሬ፣ ይኸኛው ፈተና ነው።

የሴቶች ሥራ ነገር ከዚህ ይብሳል። በዚሁ የጤና ጥናት ሴቲቱ መጀመሪያ ከቤት ሥራዋ ሌላ ባለፉት ሰባት ቀኖች ሥራ ሠርታ እንደ ሆነ ትጠየቃለች። የለም ብትል መጠይቁ በዚያው አይለቃትም፤ አንዳንድ ሴቶች ዕቃ ይሸጣሉ፣ አነስተኛ ንግድ አላቸው፣ በቤተ ሰብ እርሻ ይሠራሉ፣ ከነዚህ አንዱን ሠርተዋልን ብሎ ይደግምላታል። ጠላ ጠምቃ የምትሸጥ እናት ለፊተኛው «ኧረ እኔ ምን ሥራ አለኝ» ብላ ለኋለኛው አዎን ብትል አያስደንቅም፤ ሥራ ሲባል ደመወዝ የሚቈረጥበት ብቻ የሚመስለው ብዙ ነውና። ሁለተኛው ጥያቄ የሌለበት ጥናት ይህችን እናት ሥራ ፈት አድርጎ ይጽፋታል። ሁለቱን ጥናቶች ያስተያየ ጸሐፊም የሴቶች ሥራ ጨመረ ብሎ ያቀርባል፤ በዚያም ሪፖርት ላይ የብድር ገንዘብ ይቀነስ ይሆናል። የእናቲቱ ጋን ግን ያው ነው።

በአሜሪካ የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ የሚያዘጋጀው አይፐምስ የተባለ የመረጃ ማኅደር የ1976፣ የ1987ና የ1999 ዓ.ም. ቆጠራዎቻችንን ይዟል። በኢንተርኔት ገብቶ አንድ ርእስ የፈለገ ሰው ጥያቄው በየቆጠራው የቀረበበትን ቃልና ለማነጻጸር የሚያስቸግረውን ነጥብ ያገኝበታል። እጅግ ጠቃሚ ሥራ ነው። ችግሩ ጽሑፉ በእንግሊዝኛ መሆኑ ነው፤ ባላገሩ በጆሮው የሰማው በአማርኛ፣ በኦሮምኛ ወይም በትግርኛ የተጠየቀውን ነበርና።

ስለዚህ ማናቸውም መሥሪያ ቤት ሁለት ጥናቶችን ባስተያየ ቍጥር የጥያቄዎቹን ቃል በተጠየቁበት ቋንቋ፣ መልስ ሰጪው ማን እንደ ነበረና ጥያቄው በየትኛው ዕድሜ ላሉ ሰዎች እንደ ነበረ ከሠንጠረዡ ሥር ቢጽፍ መልካም ነው። ከአራት መስመር አያልፍም። ጥያቄዎቹ ያልተስማሙ እንደ ሆነም «ዕድገት» የሚለው ዓምድ ባዶ ይተው። አለቆቻችን ባዶ ዓምድ ሲያዩ እንደሚቆጡ ዐውቃለሁ፤ በእኔም ላይ ደርሷል።

አንድ የመንግሥት ሠራተኛ
ከአዲስ አበባ