ቀኑን የጻፈው ማነው?



ባለፈው ሰሞን ስም ስንመዘግብ አንዲት እናት ከፊቴ ቀረቡ። «እማማ፣ መቼ ተወለዱ?» አልኳቸው። ሳቅ አሉና፣ «እኔ እንጃ ልጄ! አደይ አበባ ሲፈካ ነው ይሉኛል። ዓመቱን የምታውቀው እናቴ ነበረች፤ እሷም አለፈች» አሉኝ። ነገሩ ከልቤ አልወጣም። ስለዚህ ዛሬ ስለ ልደት ቀን እንጨዋወት።

በእንግሊዝ አገር ስትራትፎርድ የምትባል ከተማ አለች። ከለንደን ወደ 160 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። በየዓመቱ በሚያዝያ አጋማሽ በእንግዳ ትሞላለች። ወሩ በእነሱ አገር ፀደይ ነው። ብርዱ አልፎ ምድር አበባ ትለብሳለች፤ በእኛ አገር መስከረም ሲጠባ እንደሚሆነው ማለት ነው።

እንግዳው የሚመጣው ለዊልያም ሼክስፒር ልደት ነው። ሼክስፒር ከ35 በላይ ቲያትሮች የጻፈ ሰው ነው። ከእነዚህም ኦቴሎን፣ ሐምሌትንና ማክቤዝን ጸጋዬ ገብረ መድኅን ወደ አማርኛ መልሷቸዋል።

ሰዉ ከጓደኞቹ ጋር ሆኖ በባቡርና በአውቶቡስ ይመጣል። ሙዚቃ እየተመታ፣ ከተማውን በሰልፍ ያቋርጣል። አበባ ይዞ ሼክስፒር ወደተቀበረበት ወደ ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ይሄዳል። ብዙው ሰው የጥብስ ቅጠል ዘለላ ይይዛል። እኛ ሥጋ የምናጣፍጥበት ቅጠል በእነሱ ዘንድ የማስታወሻ ምልክት ነው። ማታ ደግሞ በወንዙ ዳር ባለው ቲያትር ቤት ገብተው ቲያትር ያያሉ። ሰውየው ከሞተ ግን ከ400 ዓመት በላይ ሆኖታል!

አባቱ ማን ነበር? ከቆዳ ጓንት የሚሰፋ ባለእጅ ነበር። ወረቀት ላይ ፈርም ሲባል በስሙ ፈንታ ምልክት ያደርግ ነበር። እኛ አገር አውራ ጣት እንደሚታተመው መሆኑ ነው።

ታዲያ የልጁ የልደት ቀን በምን ታወቀ? የተወለደበትን ቀን የጻፈ ሰው የለም። የተጻፈው ክርስትና የተነሳበት ቀን ነው። በቤተ ክርስቲያኑ መዝገብ ላይ በፈረንጆች ኤፕሪል 26 ቀን 1564 ተብሎ ሰፍሯል። በዚያ ዘመን ሕፃን በተወለደ በጥቂት ቀን ክርስትና ይነሳ ነበር። ስለዚህ ሰዎች ሦስት ቀን ወደ ኋላ ቆጠሩና ልደቱን ኤፕሪል 23 ላይ አደረጉት። በእኛ ሚያዝያ 15 ነው። አያችሁ? ያ ሁሉ እንግዳ የሚመጣበት ቀን የተገኘው ከአንዲት መስመር ጽሑፍ ነው።

እኛ ድግስ ባንደግስም የልደት ቀን ይጠቅመናል። ልጅ ለክትባትና ለትምህርት ቤት ዕድሜው ይጠየቃል። ከሁሉ የሚብሰው ደግሞ የሴት ልጅ ነገር ነው። ሕጉ 18 ዓመት ሳይሞላት አትዳር ይላል። ቀኗ ካልተጻፈ ግን ሽማግሌ መጥቶ «ደርሳለች» ሲል በምን ይመለሳል? ቁመቷን አይቶ የሚፈርድባት ብዙ ነው። የተጻፈ ቀን ካለ ግን ክርክር የለም። ልጅ በተወለደ በ90 ቀን ውስጥ በቀበሌው የወሳኝ ኩነት መዝገብ መመዝገብ ያለበትም ለዚህ ነው።

ያቺን እናት ይህን ሁሉ አጫወትኳቸው። በማግስቱ ደብተራቸውን ይዘው መጡ። የልጅ ልጃቸውን ስም፣ የአባቷን ስም፣ ቀኑን፣ ወሩንና ዓመተ ምሕረቱን በገዛ እጃቸው ጽፈዋል። ፊደሉ ትንሽ ተንጋዷል፤ ግን ይነበባል። «የእኔ ቀን ጠፋ። የእሷ ግን አይጠፋም» አሉኝ።

እናንተስ? ዛሬ ማታ ደብተራችሁን አውጡ። የእያንዳንዱን ልጃችሁን ስም ጻፉ። ከጎኑ የተወለደበትን ቀን፣ ወርና ዓመት ጻፉ። ቀኑን ከረሳችሁት ጎረቤት ጠይቁ። አዋላጇን ጠይቁ። የክርስትና እናቱንም ጠይቁ። የሚያውቁት ሰዎች ሳያልፉ ይጻፍ።