«ለዲን ነው» ማለት «በነፃ ነው» ማለት አይደለም



ረመዳን በተቃረበ ቁጥር ስልካችን በአዳዲስ ነሺዳዎች ይሞላል። መውሊድ ሲመጣ መንዙማው ይከተላል። የሙንሺዱን ስም ሁላችንም እናውቃለን፤ ግጥሙን የጻፈውንም አንዳንዴ እንሰማለን። ያንን ድምፅ ቀርፆ፣ አጥርቶና አስተካክሎ ለጆሯችን ያበቃውን ሰው ግን ማን እንደሆነ የሚጠይቅ የለም። ዛሬ መጻፍ የፈለግነው ስለዚህ ሰው፣ ስለ ትንሿ ስቱዲዮ ባለሙያ ነው። የምንለውም አንድ ነገር ነው፦ ሥራው ለዲን ስለሆነ የባለሙያው ሀቅ አይቀርም።

ከቅርባችን እንጀምር። ከደብረ ማርቆስ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው አስፋልት ላይ ያለችውን አማኑኤልን ብዙዎቻችን እናውቃታለን። እንዲህ ባለች ከተማ ስቱዲዮ ሲባል አንዲት ክፍል፣ አንድ ኮምፒውተር፣ አንድ ማይክ፣ አንድ ሳውንድ ካርድና የጆሮ ማዳመጫ ማለት ነው። ክፍሉ እንዳያስተጋባ ግድግዳው ላይ ብርድ ልብስ ወይም ስፖንጅ ይሰቀላል። የእንቁላል ካርቶን የሚለጥፉም አሉ፤ እሱ ግን ቀጭኑን ድምፅ ትንሽ ከመበተን አልፎ ወፍራሙን አያስቀርም፤ የውጭውንም ጩኸት አያግድም።

ክፍሉ መንገድ ዳር ከሆነ ቀን ላይ የአይሱዙና የባጃጅ ድምፅ ፋታ አይሰጥም። ስለዚህ ሥራው ከዒሻ በኋላ ወዳለው ሰዓት ይገፋል። ክረምት ሲገባ ደግሞ የጎጃም ደጋ ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ማይኩ ከሙንሺዱ ይልቅ ጣሪያውን ይሰማል፤ እስኪያባራ መጠበቅ ግድ ነው። መብራት ድንገት ከሄደ ያልተቀመጠ ሥራ ይጠፋል። ባለሙያው በየደቂቃው «ሴቭ» የሚለውን የሚጫነው ለዚህ ነው።

አሁን ደግሞ ሥራውን እንየው። ሙንሺዱ ከማይኩ አንድ ስንዝር ያህል ርቆ ይቆማል። «ፐ» እና «በ» ሲል ትንፋሹ ማይኩን እንዳይመታው መሐል ላይ ስስ ጨርቅ ይወጠራል። ባለሙያው መጀመሪያ ሙንሺዱ በጣም ከፍ የሚልበትን ቦታ አስብሎ የድምፁን መጠን ይለካል፤ ድምፁ አንዴ ከተሰነጠቀ ኋላ የሚጠግነው የለምና። ከዚያ መቅዳት ይጀመራል። መሣሪያ የሌለው፣ በሰው ድምፅ ብቻ የሚሠራ ነሺዳ ከሆነ ደግሞ አንዱ ሙንሺድ ተቀባዮቹንም ራሱ ሆኖ፣ ደጋግሞ በላይ በላዩ ይቀዳል።

እስቲ እናስላው። ነሺዳው 4 ደቂቃ ነው እንበል። ድምፁ 10 ጊዜ ቢደራረብና እያንዳንዱ 5 ጊዜ ቢሞከር 200 ደቂቃ፣ ማለትም 3 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ቀረፃ ብቻ ነው። በ48 ኪሎኸርዝና በ24 ቢት ሲቀዳ ወደ 1.7 ጊጋባይት ይሆናል። ከዚያ ከ5ቱ ሙከራ የተሻለውን መምረጥ፣ ትንፋሹን መቁረጥ፣ የዘገየውን ማስተካከል፣ ድምፆቹን ማመጣጠን፣ በመጨረሻም በስልክ ድምፅ ማጉያም፣ በመኪናም፣ በጆሮ ማዳመጫም እየሰሙ መፈተሽ ይመጣል። እኛ ጋር በቴሌግራም የሚደርሰው 4 ሜጋባይት ገደማ የሆነች ፋይል ናት። ፋይሏ ትንሽ ስለሆነች ሥራውም ትንሽ ይመስለናል።

በአንዳንድ ጀመዓዎች ዘንድ «ወንድም፣ ለደዕዋ እኮ ነው፤ አጅሩን ከአላህ ታገኛለህ» የሚል ንግግር ይሰማል። ንግግሩ በራሱ መልካም ነው፤ ክፋቱ ከዋጋ ድርድር በፊት ሲመጣ ነው። መስጂድ ስንሠራ ለግንበኛው እንከፍላለን፤ ሲሚንቶውንም በገንዘብ እንገዛለን። ኪታብ ስናሳትም ማተሚያ ቤቱ ሒሳቡን ይቀበላል። በዚህ ምክንያት ኢኽላሳቸው ጎደለ የሚላቸው የለም። ታዲያ የድምፅ ባለሙያው ለምን ይለያል? ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) የሠራተኛ ዋጋ ላቡ ሳይደርቅ እንዲሰጠው እንዳዘዙ የምናውቀው ሐዲስ ላቡ በሌሊት ኮምፒውተር ፊት የሚወጣውን ሰው አያስቀርም። ባለሙያው ራሱ «ይህን ለአላህ ብዬ ሠርቻለሁ» ካለ ጀዛከላህ ኸይር ብለን እንቀበላለን። ሰደቃ የሚሆነው ግን ሰጪው ሲወስን እንጂ ተቀባዩ ሲወስንለት አይደለም።

የዚህ ሥራ ክብደት ምን ያህል እንደሆነ ከካይሮ መማር እንችላለን። እ.ኤ.አ. በ1961 የሸይኽ ማሕሙድ ኸሊል አል-ሑሰሪ ሙሉ የቁርኣን ተርቲል በድምፅ ተቀርፆ ተሰራጨ። ሐሳቡን ያመነጩት ለቢብ አስ-ሰዒድ የሚባሉ ሰው ነበሩ። ዛሬ በስልካችን ሒፍዝ የምናጠናበት ድምፅ ከዚያ ሥራ ጋር የተያያዘ ነው። ቃሪኡን ሁላችንም እናውቃለን፤ ቴፑ አጠገብ ተቀምጠው ያደመጡትን ግን ስንቶቻችን አስበናቸው እናውቃለን?

ወደ ሀገራችን ስንመጣም ያው ነው። በሙዚቃ ላይ ዑለማኦች የሚሉት እንደተጠበቀ ሆኖ፣ ከሙያው ታሪክ የምንማረው አለ። እ.ኤ.አ. በ1969 ሸክላ ማሳተም የጀመረው አምሃ እሸቴ፣ ከእሱም ቀጥሎ አሊ ታንጎ በሚል ስም የታወቀው አሊ አብደላ ካይፋ፣ ስማቸው ከዘፋኞቹ ጋር ዛሬም ይነሳል። ከቀረፃው ማሽን ኋላ የነበሩት ግን እምብዛም አይታወሱም። በ2012 ዓ.ም. መስከረም ላይ ያረፈው አቀናባሪ ኤልያስ መልካ ከጓደኞቹ ጋር «አውታር»ን ሲጀምር ጭንቀቱ ይኸው ነበር፤ ሥራው በስልክ ሲሸጥ ገንዘቡ ለሠሩት እንዲደርስ። ሕጉም ቢሆን፣ የቅጅና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996፣ ለከዋኙና ለድምፅ ሪከርዲንግ ፕሮዲዩሰሩ የ50 ዓመት ጥበቃ ይሰጣል። ከሁለቱ አንዱን ያልሆነ የስቱዲዮ ባለሙያ ዋስትናው ውል ነው። ውል ከሌለ ደግሞ ዋስትናው የእኛ አማና ብቻ ነው።

ስለዚህ በጀመዓችን በሚሠሩ ሥራዎች ሁሉ እነዚህ ቢለመዱ እንላለን።

አንደኛ፣ ዋጋው ከቀረፃ በፊት ይነገር፣ በወረቀት ይፈረም፣ ቀብድ ይሰጥ። አቅም ካነሰን «ይህን ያህል ነው ያለን» ብለን በግልጽ እንናገር፤ መቀበልና አለመቀበል የባለሙያው ነው።

ሁለተኛ፣ ተዘጋጅተን እንግባ። ግጥሙን ስቱዲዮ ውስጥ የሚያጠና ሰው የሌላውን ሌሊት ያባክናል። የረመዳንን ሥራም በሻዕባን የመጨረሻ ሳምንት ይዞ መሄድ ባለሙያውን ማስጨነቅ ነው።

ሦስተኛ፣ የባለሙያው ስም ከሙንሺዱ ስም ጋር ይጻፍ። ይህ ምንም ብር አያስወጣም።

አራተኛ፣ ዋናው ቅጂ ተጠይቆ በጀመዓው ሃርድ ዲስክ ይቀመጥ። በቴሌግራም የቀረችው የተጨመቀች ፋይል ነገ እንደገና ለመሥራት አትበቃም።

በመጨረሻም፣ ለእረፍት ወደየቤታችን ስንሄድ በየሰፈራችን መንዙማ የሚያውቁ አባቶችና እናቶች አሉ። ብዙው ያላቸው ነገር በወረቀት አልሰፈረም። ስቱዲዮ ሊገቡ አይችሉ ይሆናል፤ ባለሙያን መሣሪያውን ይዞ እንዲሄድ መጠየቅና የጉዞውንም የድካሙንም መክፈል ግን ይቻላል። ለአንድ ፕሮግራም ድንኳንና ወንበር የምናዋጣ ሰዎች ለዚህ ማዋጣት አያቅተንም። የእነዚያ አዛውንቶች ድምፅ ለልጆቻችን የሚደርሰው መቅዳት የሚያውቅ ሰው በሙያው እየኖረ ሲቆይ ነው፤ እንጀራ ካልሆነው መሣሪያውን ሸጦ ሌላ ሥራ ይፈልጋል።

አላህ ሀቅን ለባለቤቱ ከሚያደርሱት ያድርገን። ወሰላሙ ዐለይኩም።