የልደት ቀናችንን ለማሽን ብለን አንፍጠር



ዛሬ ለሐኪም ቀጠሮም ሆነ ለልጆች ምዝገባ፣ ለቤት ኪራይ እርዳታም ሆነ ለጡረታ፣ ወረቀትና እስክርቢቶ እየቀረ ቅጹ የሚሞላው በስልክና በኮምፒዩተር ሆኗል። ለወጣቶቻችን ይህ ቀላል ነው። ለወላጆቻችን ግን ትልቁ እንቅፋት «የልደት ቀን» የምትለዋ ትንሽ ሣጥን ናት።

ብዙ ወላጆቻችን የተወለዱት የልደት ወረቀት በማይጻፍበት ገጠር ነው። ልደት የሚታወሰው በአዝመራው፣ በድርቁ፣ ከበዓሉ በፊት ወይም በኋላ እየተባለ ነበር። ወደ እስራኤል ሲገቡ ዓመቱ ተገምቶ ተጻፈ፤ በብዙዎች መታወቂያ ላይ የቀኑና የወሩ ቦታ ዜሮ ነው። መንግሥት ራሱ የሰጠው መታወቂያ እንዲህ እያለ አንዳንዱ የኮምፒዩተር ቅጽ ዜሮን አልቀበልም ይላል። አጠገብ የተቀመጠው ልጅም ነገሩ ቶሎ እንዲያልፍለት ጃንዋሪ 1 ብሎ ይሞላል። በሌላ ጊዜ እኅቱ ሌላ ቀን ትሞላለች። አንዲት እናት በሁለት መሥሪያ ቤት ሁለት ልደት ይኖራታል ማለት ነው። መዝገቦቹ ሲመሳከሩ ዝርዝሩ አይገጥምም ይባላል፤ መልስ እንድትሰጥ የምትጠየቀው ግን እርሷ ናት እንጂ ቅጹን የሠራው ሰው አይደለም።

ሌላው ችግር የዘመን አቆጣጠር ነው። የኢትዮጵያ ዓመት ከመስከረም እስከ ዲሴምበር መጨረሻ በ7፣ ከዚያ በኋላ በ8 ዓመት ወደ ኋላ ይቀራል። ጥር 10 ቀን 1960 የተወለደ ሰው በፈረንጅ ጃንዋሪ 19 ቀን 1968 ነው የተወለደው። 1960ን እንዳለ የጻፈ ሰው በአንድ ጊዜ 8 ዓመት ያረጃል፤ ኮምፒዩተሩም ያለ ምንም ጥርጣሬ ዕድሜውን አስልቶ ያስቀምጣል። በሰዓትም ያው ነው፤ 08:00 የሚል ቀጠሮ በእኛ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ነው፣ ከቀትር በኋላ የሚደርሱ ግን አሉ።

መሥሪያ ቤቶችን ከመውቀሳችን በፊት የየማኅበሮቻችንን ቅጽ እንመልከት። ዕድሜን ዓመት ከዓመት በመቀነስ ብቻ የሚያሰላ ቅጽ፣ በዲሴምበር 2007 የተወለደችን ልጅ በማርች 2025 18 ዓመት ሞልቷታል ይላል። ልጅቱ ገና 17 ናት፤ የወላጅ ፊርማም ያስፈልጋት ነበር። ስሌቱ ወሩንና ቀኑንም ማየት አለበት። አንዳንዱ የቅጽ መሥሪያ ፕሮግራም እንደ አሜሪካኖች ወሩን ከቀኑ ያስቀድማልና 3/4 የቱ እንደሆነ በቃል ይጻፍ። ከሁሉ የከፋው ግን በቀስት ወር በወር ወደ ኋላ የሚያስኬደው የቀን መምረጫ ነው፤ በ1940 የተወለዱ አባት ከአንድ ሺህ ጊዜ በላይ ይጫኑ? ቀን፣ ወርና ዓመት በሦስት ሣጥን በቁጥር ቢጻፉ፣ «ቀኑና ወሩ አይታወቅም» የሚል ምልክት ማድረጊያም ቢታከል ነገሩ ባለቀ ነበር።

ስለ መልኩም ጥቂት እንበል። ዕብራይስጥ ከቀኝ፣ አማርኛ ከግራ ስለሚጻፍ ሁለቱን በአንድ መስመር ማጨቅ ቁጥሮቹን ያዛባል። ውብ ተብሎ የሚመረጠው ደብዛዛ ግራጫ ቀለምም «ሱ»ን ከ«ሲ» የምትለየውን ጭረት ይውጣታል። በመምህራን ማሠልጠኛ ለሰሌዳ የምናስተምረው ሁሉ ለስክሪንም ይሠራል።

ወላጆች ሆይ፣ ቅጹ መታወቂያችሁን አልቀበልም ካላችሁ ቀን አትፍጠሩ። ስክሪኑን በስልክ ፎቶ አንሡትና መታወቂያችሁን ይዛችሁ መሥሪያ ቤቱ ድረስ ሂዱ፤ ቅሬታውንም በጽሑፍ አስገቡ፣ የገባበትም ቀን የተመታበት ቅጂ በእጃችሁ ይቅር።