ሜዲስን ለመግባት ስንት ይበቃል?

የ12ኛ ክፍል ውጤት በተለቀቀ ሰሞን ቤተ ዘመዱ ሁሉ አንድ ጥያቄ ይይዛል፤ «ይሄ ውጤት ሜዲስን ያስገባል?» መልስ ሰጪ አይጠፋም። ጎረቤቱም፣ የአጎት ልጁም፣ የቴሌግራም ቻናሉም የየራሱን ቁጥር ይጠራል። ቁጥሮቹ እርስ በርስ አይስማሙም፤ አንዳንዱማ የታላቅ እህት ዘመን ቁጥር ነው።

ስሌቱ ግን ከተለወጠ ቆይቷል። ቀድሞ የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪ በብሔራዊ ፈተና ውጤቱና በምርጫው መሠረት በቀጥታ ሕክምና ይመደብ ነበር። በ2012 ዓ.ም. የፍሬሽማን ዓመት ሲመለስ ዋናው ፉክክር ወደ ግቢ ገባ። አሁን በብዙዎቹ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች የ12ኛ ክፍል ነጥብ ከፍሬሽማን ውጤት ጋር ይደመራል፤ የመግቢያ ፈተና የሚያክሉም አሉ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ተማሪውን ገና ሲቀበል በራሱ ፈተና ይለያል።

ስለዚህ ነጭ ጋውን የሚያልም ልጅ በባዮሎጂ ብቻ አይተማመን። በመጀመሪያው መንፈቅ ሳይኮሎጂ፣ ጂኦግራፊና ሎጂክ ይጠብቁታል፤ ሎጂክ ላይ የተገኘ ደካማ ውጤት ሐኪም ሊሆን የነበረን ልጅ ሌላ ክፍል ሊያስቀምጠው ይችላል። ይህ ተገቢ ነው ወይ የሚለው ሌላ ክርክር ነው።

ውድድሩ ደግሞ ከአገሩ ተማሪ ሁሉ ጋር አይደለም፤ በዚያው ግቢ ሕክምናን ከመረጡት ጋር ነው። እኩል ውጤት ያላቸው ሁለት ጓደኛሞች የተለያየ ዩኒቨርሲቲ ተመድበው አንዱ ሲገባ ሌላው ሊቀር ይችላል። ሕክምና የማያስተምር ዩኒቨርሲቲም መኖሩን ምርጫ ከሞሉ በኋላ የሚሰሙ አሉ።

ዓመቱም ይለያል። ፈተናው በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ መሰጠት በጀመረበት በ2014 የትምህርት ዘመን ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈታኞቹ 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በቀጣዩ ዓመት 3.2 ሆነ፤ በ2016 ወደ 5.4፣ በ2017 ወደ 8.4 በመቶ ወጣ። በተፈጥሮና በማኅበራዊ ሳይንስ በድምሩ ያለፉት በ2015 ከ27 ሺህ ትንሽ ሲበልጡ በ2017 ከ48 ሺህ አልፈዋል። ይህ ለአገር ደስ የሚያሰኝ ነው። ለሕክምና አመልካቹ ግን ወንበሩ በዚያው ልክ ካልጨመረ የትናንቱ ነጥብ ዛሬ አይበቃም ማለት ነው።

አሜሪካ ያለ አመልካች ይህን ያህል በግምት አይዋልልም። የአገሪቱ የሕክምና ኮሌጆች ማኅበር ይህን ያህል የኮሌጅ ውጤት፣ ይህን ያህል ደግሞ የኤምካት (የሕክምና ትምህርት መግቢያ ፈተና) ነጥብ ከያዙት አመልካቾች ስንቶቹ እንደገቡ የሚያሳይ ሰንጠረዥ ያወጣል። በጥቅሉ ከአሥር አመልካች የሚገቡት ከአራት ትንሽ ቢበልጡ ነው። በሁለቱም መለኪያ ከላይ ካሉት መካከል እንኳ ከአሥር ከአንድ በላይ የሚሆኑት አንድም ቦታ ሳያገኙ ይቀራሉ። ሲልቨር ስፕሪንግ የሚያድግ የሐበሻ ልጅ ይህን አይቶ ሁለተኛ መንገዱን አስቀድሞ ያዘጋጃል። የደብረ ማርቆስ ወይም የሆሳዕና እኩያው የሚይዘው ወሬ ነው።

መረጃው ጠፍቶ አይደለም። የእያንዳንዱ ዩኒቨርሲቲ ሬጅስትራር ስንት ወንበር እንደነበረ፣ ስንት ተማሪ ሕክምናን በመጀመሪያ ምርጫው እንደሞላ፣ መጨረሻ የገባው ተማሪ ነጥብ ስንት እንደነበር ያውቃል። ለሴቶችና ለአካል ጉዳተኞች የሚታሰበው ድጋፍም የሚሰላው እዚያው ነው። ትምህርት ሚኒስቴር የሦስት ዓመቱን አሰባስቦ፣ ተማሪው ዩኒቨርሲቲ ከመምረጡ በፊት ይፋ ቢያደርገው የወላጆች ግማሽ ጭንቀት ይቀል ነበር።

አንድ ዓምድ ቢጨመርበት ደግሞ አይከፋም፤ ከተመረቁት ስንቶቹ ሥራ እንደያዙ የሚናገር። ሥራ የያዘውም ሁሉ ተመችቶት አይደለም፤ በግንቦት 2017 የጤና ባለሙያዎች በደመወዝ ጥያቄ ሥራ እስከ ማቆም ደርሰዋል። ሰባት ዓመት ገደማ ለሚፈጅ ትምህርት የሚመዘገብ ልጅ ይህንንም አይቶ ይምረጥ።