ማስረጃ ጠያቂውን ማን ይጠይቀው?

ማንቡክ ያደገ ልጅ ማስታወቂያ ሰሌዳ ማንበብን ከሀ ሁ ጋር አብሮ ይማራል። ዝናብ የነካው፣ ዳር ዳሩ የተጠቀለለ ወረቀት፤ ክብ ማኅተም፤ ከሥሩ «አመልካቾች የትምህርትና የሥራ ልምድ ማስረጃችሁን ዋናውንና ፎቶ ኮፒውን ይዛችሁ…»። እኛ ሰሌዳው ሥር ተኮልኩለን የምንጠያየቀው ግን ስለ ተፈላጊ ችሎታው አልነበረም። «ለማን ነው የወጣው?» ነበር ጥያቄያችን። ልብ በሉልኝ፤ «ምን ዓይነት ሰው ይፈልጋሉ?» አላልንም። ወንበሩ ባለቤት እንዳለው፣ ማስታወቂያው ለወጉ ያህል እንደተለጠፈ ተስማምተን ጨርሰናል። እውነት ይሁን አይሁን አጣርተን አናውቅም። ማንም ሊያጣራው የማይሞክር ጥርጣሬ ደግሞ ሥር ይሰዳል።

ዛሬ እኔ ራሴ ከሰሌዳው ማዶ ነኝ። አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ድርጅት የሰው ሀብት ክፍል እሠራለሁ። ማስታወቂያውን የምጽፈው እኔ፣ ማስረጃውን የምቀበለው እኔ፣ «እንደውልልዎታለን» ብዬ የምሸኘውም እኔ (አዎ፣ ያ የተረገመ ዓረፍተ ነገር የኛ ነው)። ሾፌሩን መንጃ ፈቃድ እጠይቀዋለሁ። ነርሷን የሙያ ፈቃድ እጠይቃታለሁ። ኤሌክትሪክ ሠራተኛውን «ሲኦሲ ወስደሃል?» እለዋለሁ። እኔን ግን ማንም ምንም አልጠየቀኝም። ስቀጠር ዲግሪዬን ገልበጥ አድርገው አዩና «ማኔጅመንት ነው አይደል? ይበቃል» አሉኝ። በቃ! የሁሉንም ማስረጃ የሚመረምር ሰው ሆንኩ፤ የኔን ብቃት ግን የመረመረው የለም።

እንግዲህ ዘንድሮ የሰው ሀብት አስተዳደር የሙያ ማረጋገጫ ፈተና ልቀመጥ ወስኜ ማጥናት ጀምሬያለሁ። ለበዓል አገሬ ገብቼ ይህንኑ ለአጎቴ ነገርኳቸው። አጎቴ ጡረታ የወጡ የመንግሥት ሠራተኛ ናቸው፤ አፋቸው ግን ጡረታ አልወጣም።

«ምን ልትፈተን ነው ያልከኝ?»

«የሰው ሀብት አስተዳደር፣ ጋሼ።»

«ሰው ደግሞ ሀብት የሆነው መቼ ነው? እኛ ሠራተኛ ነበርን፣ እናንተ ሀብት ሆናችሁ?» ከት ብለው ሳቁ። «ይልቅ ወንበሩን ያዝ እንጂ፤ እውቀቱ ከወንበሩ ጋር አብሮ ይመጣል።»

ሳቅኩ። ግን የሚያውቁትን ደብቀው እንደሚቀልዱ አውቄያለሁ። ምክንያቱም የዚህ ሙያ ጉድለት ምን እንደሚያስከፍል ከአጎቴ በላይ የሚያውቅ ሰው በቤታችን የለም።

አጎቴ ሠላሳ አንድ ዓመት አገልግለዋል። ለጡረታ ሲደርሱ ፋይላቸው ተከፈተ፤ በፋይሉ ውስጥ የተገኘው አሥራ ዘጠኝ ዓመት ብቻ ነው። ከአንዱ መሥሪያ ቤት ወደ ሌላው የተዘዋወሩባቸው ደብዳቤዎች የሉም። (የመሥሪያ ቤቱን ስም አልጠራም፤ ዛሬ ያሉት ሠራተኞች በጊዜው አልነበሩም።) «ኮፒ ካለዎት ያምጡ» ተባሉ። ኮፒውማ ነበራቸው። በ2013 ዓ.ም. ቤታቸው ሲቃጠል አብሮ ተቃጠለ እንጂ። ከዚያ ልጆቻቸውን ይዘው ወደ ቻግኒ ሲሸሹ በእጃቸው የነበረው አንድ ብርድ ልብስ ነው።

አሥራ ሁለት ዓመት በወረቀት ላይ ጠፋ ማለት ምን ማለት ነው? እናስላው። በመንግሥት ሠራተኞች የጡረታ አሠራር አሥር ዓመት ላገለገለ ሰው የአማካይ ደመወዙ 30 በመቶ ይታሰብለታል፤ ከዚያ በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ ይጨመራል። ሠላሳ አንድ ዓመት 56.25 በመቶ ያስገኛል፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመት 41.25 በመቶ። ልዩነቱ የደመወዛቸው 15 በመቶ ነው፤ ለዚያውም በየወሩ፣ ዕድሜ ልክ። አንድ ሰው በጊዜው ሦስት ደብዳቤ በፋይል ውስጥ ስላላስቀመጠ! ሰውየው ሌባ አልነበረም፤ ክፉም አልነበረም። የያዘው ወረቀት የሰው እርጅና መሆኑን የነገረው አልነበረም እንጂ። አጎቴ ምስክር ቆጥረው፣ ደጅ ጠንተው፣ ከዓመት በላይ ተመላልሰው ነው ዓመቶቻቸውን ያስመለሱት።

«የሰው ሀብት» የምንለው ሥራ እንግዲህ ይሄ ነው። የልደት ኬክ መቁረጥና የሰዓት መቆጣጠሪያ ፊርማ መሰብሰብ ብቻ የሚመስለው ካለ ይታረም።

ሁለተኛው ጉዳይ ቅጥር ነው፤ በኛ አገር ደግሞ ይህ ይበልጥ ያማል። የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል ሕገ መንግሥት በርታን፣ ጉሙዝን፣ ሺናሻን፣ ማኦንና ኮሞን የክልሉ ባለቤት ብሔረሰቦች ይላቸዋል። ከነሱ ጋር ደግሞ አማራው፣ አገው፣ ኦሮሞውና ሌላውም ይኖራል። በዳንጉር ወረዳ አንድ ወንበር ሲሞላ ሁለት ሐሜት ይነሳል። ጉሙዙ ወጣት «ወንበሩን ከሌላ ቦታ ተምሮ የመጣ ወሰደው» ይላል። የሌላው ልጅ «ድሮም ለኛ በሩ ዝግ ነው» ይላል። ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በመተከል የተከታተለው ግጭት ስንት ሰው እንደቀጠፈና ከመቶ ሺህ በላይ ሰው እንዳፈናቀለ የምታውቁት ነው። ያን ሁሉ ደም ያፈሰሰው የሥራ ማስታወቂያ ነው አልልም፤ እንዲያ ማለት በሟቾቹ ላይ ማላገጥ ይሆናል። ግን «እኔን አይቆጥሩኝም» የሚለው ስሜት በየቀኑ የሚለቀምበት አንዱ ቦታ ያ ሰሌዳ ሥር ነው።

ሕጉ ለዚህ መልስ አጥቶ አያውቅም። ለምሳሌ የፌዴራል የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 515/1999 በሥራ ፈላጊዎች መካከል በዘር፣ በፆታ፣ በሃይማኖት፣ በፖለቲካ አመለካከትና በአካል ጉዳት ልዩነት ማድረግን ከልክሎ ነበር። ከዚያም ለሴቶች፣ ለአካል ጉዳተኞችና በመሥሪያ ቤቱ ውስጥ ቁጥራቸው አነስተኛ ለሆነ ብሔረሰቦች አባላት ቅድሚያ ሰጠ፤ ውጤታቸው ከሌሎቹ ጋር እኩል ወይም ተቀራራቢ ሲሆን። አዋጁ በ2010 ዓ.ም. በሌላ ተተክቷል፤ ክልሎችም የራሳቸው ሕግ አላቸው። ሐሳቡ ግን ቁልጭ ያለ ነው፤ መጀመሪያ ሁሉም በእኩል ይመዘን፣ ቅድሚያው ከዚያ ይምጣ።

«ተቀራራቢ» የምትለዋን ቃል ያዙልኝ። ተቀራራቢ መሆኑን ለማወቅ ውጤት መኖር አለበት። ውጤት እንዲኖር ጥያቄው አስቀድሞ መዘጋጀት፣ ነጥቡ አስቀድሞ መከፋፈል፣ ወረቀቱ ስም በሌለበት ኮድ መታረም፣ ቃለ ጉባኤው መፈረም አለበት። ይህ ሳይሆን ሲቀር የሚጎዳው የተገፋው ብቻ አይደለም። በብቃቷ ያለፈችው የጉሙዝ ልጅም ትጎዳለች፤ ዕድሜ ልኳን «በኮታ ነው የገባችው» እየተባለች ትኖራለች። ነጥቧን አውጥቶ «ይኸው!» የሚልላት የለም። የሠለጠነ የሰው ሀብት ባለሙያ ማለት ያንን ወረቀት ፋይል ውስጥ ያስቀመጠ ሰው ማለት ነው።

አሁን ወደ ሰርተፊኬቱ። ነገሩ ዛሬ የተፈለሰፈ አይደለም። በ1913 (እንደ ፈረንጆቹ) በእንግሊዝ ዮርክ ከተማ፣ በራውንትሪ ቸኮሌት ፋብሪካ በተካሄደ ስብሰባ የሠራተኛ ደኅንነት ባለሙያዎች ማኅበር ተመሠረተ። ስሙን እየቀያየረ ዛሬ ሲአይፒዲ የሚባለው ሆኗል። አሜሪካኖቹ ኤስኤችአርኤም የሚባለውን ማኅበራቸውን የመሠረቱት በ1948 ነው፤ ኤችአርሲአይ የሚባለው ፈታኝ ተቋም ደግሞ በ1976 ሥራ ጀመረ። በአሜሪካኖቹ ዘንድ ፈተናውን ማለፍ ብቻ አይበቃም፤ በየሦስት ዓመቱ 60 ነጥብ የሚያወጣ ተጨማሪ ትምህርት አሳይተህ ታድሳለህ፣ ወይም እንደገና ትፈተናለህ። የሥነ ምግባር ደንብ አላቸው፤ የጣሰ ማረጋገጫውን ሊነጠቅ ይችላል።

«ታዲያ ለማንቡክ ምን ይፈይዳል?» የሚል አይጠፋም። ልክ ነው። ክፍያው በመቶዎች የሚቆጠር ዶላር ነው፤ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ በብር ሲመነዘር የወረዳ ሠራተኛ የወራት ደመወዝ ይሆናል። ቋንቋው እንግሊዝኛ ነው። ፒኤችአር የሚባለውን ፈተና ብትወስድ ደግሞ የምታጠናው የአሜሪካን የሥራ ሕግ ነው። የኛ አዋጅ 1156/2011 የሙከራ ጊዜን 60 የሥራ ቀን፣ የወሊድ ፈቃድን ከወሊድ በፊት 30 እና በኋላ 90 ቀን ማድረጉን አይጠይቅህም። እኔ ራሴ በዚህ እበሳጫለሁ፤ ማታ ማታ የማጠናው ሕግ ቀን ቀን የምሠራበት አይደለም።

ሌላም ተቃውሞ አለ። «ወረቀት አልበዛም ወይ?» እውነት ነው፤ ሐሰተኛ ዲግሪ የሚገዛበት አገር ነው ያለነው። ግን ወረቀትና ፈተና አንድ አይደሉም። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ተመራቂዎች የመውጫ ፈተና እየተፈተኑ ነው፤ በ2016 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር የራሱን ሠራተኞች ሲፈትን ዲግሪ የያዙ ብዙ ሰዎች ሳያልፉ ቀሩ። ወረቀት ያረክሳል ብለን ፈተናን መጥላት፣ ሚዛኑ አታለለን ብሎ እህል በዓይን መሸጥ ነው።

ከሁሉም የሚከብደው ተቃውሞ ግን የአጎቴ ነው። «ሰርተፊኬት ህሊና ይሰጣል?» አሉኝ ማታ ቡና ላይ። አይሰጥም። ብዙ የተፈተነ ሌባ አለ። እኔ ግን የማስበው ስለ ሌባው አይደለም። ስለ መካከለኛው ሰው ነው፤ ጀግናም ሌባም ስላልሆነው። ስልክ ይደወልለታል። «ያ ልጅ የኛ ነው፣ ነገሩን አስተካክለው።» ደዋዩ አለቃው ነው። ይህ ሰው እምቢ ለማለት ምን አለው? ህሊናውን ብቻ ከሆነ፣ ህሊና ስልክ አያነሳም። ቁጥር ያለው፣ በስሙ የተመዘገበ፣ ሲያጠፋ የሚነጠቅ የሙያ ፈቃድ ቢኖረው ግን «ጌታዬ፣ ቢሆን ደስ ባለኝ፤ ፈቃዴን ይነጥቁኛል» ይላል። በቃ ይሄ ነው። ጀግና ሳይሆን እምቢ የሚልበት ምክንያት ያገኛል። ሐኪሙ በዚህ ነው የሚመካው፤ ጠበቃውም እንዲሁ። የሰው እንጀራ የያዘው የሰው ሀብት ሠራተኛ ብቻ ባዶ እጁን ቆሟል።

ስለዚህ የምለው ይህን ነው። የራሳችን ፈተና ይኑረን። በአማርኛ (የክልላችን የሥራ ቋንቋ ነውና)፣ በሌላም ክልል በየሥራ ቋንቋው። የኛን አዋጆች፣ የፋይል አያያዝን፣ የቅጥር ነጥብ አሰጣጥን፣ የጡረታ ስሌትን የሚጠይቅ። ዲግሪ ለሌለው ግን ዓመታት ለሠራው የመዝገብ ቤት ሠራተኛም ክፍት የሆነ። ፈተናው ደግሞ አዲስ አበባ ላይ ብቻ አይሰጥ፤ አሶሳ ላይ ብቻም አይሁን። መተከልን ከአሶሳ ዓባይ ይለየዋል፤ ግልገል በለስም ይሰጥ። የሚታደስ ይሁን። ከሁሉም በላይ የሚሰረዝ ይሁን፤ የማይሰረዝ ማረጋገጫ የግድግዳ ጌጥ ነው።

እስከዚያው? ለናንተ በዚህ ሙያ ለገባችሁ ወጣቶች፤ ዶላሩ ያላችሁ የውጩን ፈተና ውሰዱ፤ ሥርዓት ያስተምራል። የሌላችሁ 1156ን አውርዳችሁ ከአንቀጽ አንድ ጀምሩ። ነገ ጠዋት ቢሮ ስትገቡ ደግሞ ጡረታ ሊወጣ ሁለት ዓመት የቀረውን የአንድ ሰው ፋይል ክፈቱና የጎደለ ደብዳቤ እንዳለ ተመልከቱ። ይሄ ፈተና ክፍያ የለውም።

ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ ወደ ግድቡ የሚጓዙ መኪኖች በማንቡክ ሲያልፉ አይተን አድገናል። ግድቡ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። መብራቱ የሚያመጣው ሥራ ማንቡክ ሲደርስ አንድ ወረቀት ሰሌዳው ላይ ይለጠፋል። ታናናሾቻችን ሥሩ ቆመው «ለማን ነው የወጣው?» ሳይሆን «ምን ይጠይቃል?» ቢሉ ምንኛ ደስ ይለኝ ነበር።

ስሰናበታቸው አጎቴ በር ድረስ ሸኙኝ። «ፈተናውን ስታልፍ» አሉኝ፣ «ከፋይልህ ውስጥ ኮፒውን ማስቀመጥ እንዳትረሳ።»

ቸር ይግጠመን!