ነጠላና አለንጋ

የሴት መከናነብ የጨዋነት ምልክት ነው የሚለው ነገር ለመተማ ሰው እንግዳ አይደለም። በዚያ ሙቀቱ ጥላ በሚያስናፍቅበት ቆላ ክርስቲያኒቱ ነጠላዋን፣ ሙስሊሚቱ ሻሽዋን፣ ከገላባት የመጣችው ሱዳናዊት ደግሞ ከ4 ሜትር የሚበልጠውን ቶብዋን ለብሰው በአንድ ገበያ ሲገናኙ ኖረዋል። በመከናነቡ ጠብ የለም። ጠቡ የሚነሣው፣ ሴት ለፈቃድዋ ከተተወች ሥርዓት ይፈርሳልና አባት ወይም ባል፣ እነርሱም ባይችሉ ዳኛ ያስገድዳት የሚሉ ሰዎች ሲመጡ ነው።

ማስረጃቸው ሐዋርያው ጳውሎስ ወደ ቆሮንቶስ ሰዎች በላከው በፊተኛው መልእክት፣ በምዕራፍ 11 የጻፈው ነው። ነገር ግን ቃሉ የተነገረው ስለ ጸሎትና ስለ ትንቢት ሰዓት ነው እንጂ ስለ ገበያና ስለ መንገድ አይደለም። ደግሞም ሐዋርያው ብዙ ምክንያት ከዘረዘረ በኋላ ፍርዱን ለሰሚዎቹ ለራሳቸው ተወላቸው እንጂ ለወታደር አልሰጠም። በዚያው ምዕራፍ ወንድ ራሱን ሸፍኖ መጸለዩ ነውር እንደ ሆነ ተጽፏል፤ ካህናቱ ግን በጥምጣምና በቆብ ያገለግላሉ። ሊቃውንቱ ነገሩን በትርጓሜ አስማሙት፤ በካህን ጥምጣም ላይ አለንጋ ያነሣ የለም። ለወንዶች እንዲህ የሰፋው ትርጓሜ ለሴቶች ሲሆን ስለ ምን ይጠባል?

አለንጋው የት እንደሚያደርስ ለማየት ከመተማ ዮሐንስ ድልድዩን መሻገር ይበቃ ነበር። በሱዳን፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1991 የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 152፣ ጨዋ ያልሆነ ልብስ የለበሰ እስከ 40 እንዲገረፍ ያዝ ነበር። ምን ዓይነት ልብስ ጨዋ እንዳልሆነ ስላልተወሰነም መለኪያው የፖሊሱ ዓይን ነበር። በ2009 በወርኀ ሐምሌ ጋዜጠኛዋ ሉብና አሕመድ አል ሑሴን በካርቱም ምግብ ቤት ከሌሎች ሴቶች ጋር ሱሪ ለብሳ ተያዘች፤ ራስዋን ግን በሻሽ ሸፍና ነበር! ከተያዙት ብዙዎቹ ወዲያው ተገረፉ። እርስዋ የተባበሩት መንግሥታት ሠራተኛ ስለ ነበረች ያለመከሰስ መብት ነበራት፤ ሥራዋን ለቅቃ ለፍርድ ቀረበች፤ 500 ፓውንድ ቢፈረድባት አልከፍልም ብላ ወኅኒ ገባች። አልበሽር በ2019 ከወረዱ በኋላ፣ በዚያው ዓመት በኅዳር፣ የሕዝብ ሥርዓት ሕግ የተባለው ተሻረ። ከ3 ዓመት በኋላ ጦርነቱ ተነሥቶ ስደተኞች በመተማ ሲገቡ፣ ከሴቶቹ ብዙዎቹ ቶባቸውን እንደ ለበሱ ነበሩ። ሕጉ የለም፤ ልብሱ ግን አለ።

በካርቱም ላይ ለመፍረድ የሚቸኩል ክርስቲያን ወደ አክሱምም ይመልከት። በ2017 ዓ.ም. በዚያች ከተማ ሙስሊም ተማሪዎች ሒጃባችሁን ካላወለቃችሁ ተብለው ከትምህርት ቤት ተከለከሉ፤ ከ150 የሚበልጡ ልጆች ለአገር አቀፉ ፈተና ሳይመዘገቡ እንደ ቀሩ ተነገረ። በጥር ወር በመቀሌ ሰልፍ ተደረገ፤ የአክሱም ፍርድ ቤትም ክልከላው እንዲታገድ አዘዘ። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 27 ማንም ሰው እምነቱን በግድ እንዳይገደብ ይከለክላል። በካርቱም ያስገደዱት እንድትለብስ ነው፤ በአክሱም እንድታወልቅ። በሁለቱም ስፍራ ሴቲቱን የጠየቃት የለም።

የገንዳ ውኃ ካህን ልጅ ነገ ነጠላዋን ጥላ ካልሆነ አትግቢ ተብላ ከትምህርት ቤት በር ብትመለስ፣ አባትዋ ወደ ዳኛ እንደሚሄድ አያጠራጥርም። የአክሱም ሙስሊሞችም የሄዱት ወደዚያው ነው።