ሁለቱ ደቡብ አፍሪካዎች

ጥቅምት 2 ቀን 2007 ዓ.ም. በህንዷ ኮልካታ፣ ሶልት ሌክ በሚባለው ግዙፍ ስታዲየም፣ አዲሱ የህንድ ሱፐር ሊግ ተከፈተ። የሊጉን የመጀመሪያ ጎል ያስቆጠረው ህንዳዊ አልነበረም። በብዙ ገንዘብ ከመጡት ስመ ጥር አውሮፓውያንም አንዱ አልነበረም። የአዲስ አበባው ልጅ ፍቅሩ ተፈራ ነበር። በ27ኛው ደቂቃ ኳሷን መረብ ላይ አሳረፈና እንደ ልማዱ በአየር ላይ ተገልብጦ ደስታውን ገለጸ። ክለቡ አትሌቲኮ ዴ ኮልካታ ሙምባይ ሲቲን 3 ለ 0 አሸነፈ።

እንደኔ በማርኬቲንግ እንጀራውን የሚበላ ሰው ያቺን መገለባበጥ ዝም ብሎ አያልፋትም። ስሙን መጥራት የሚከብደው የባዕድ አገር ተመልካች እንኳ «ያ የሚገለባበጠው» ብሎ ይይዘዋል። ማስታወቂያ ሠሪ ተከፍሎት ቢያስብ ከዚህ የተሻለ መለያ የሚያመጣለት አይመስለኝም።

ቁም ነገሩ ያለው ግን ከዚያች ቀን በፊት በነበሩት ዓመታት ነው። ፍቅሩ ከቅዱስ ጊዮርጊስ ወጥቶ ወደ ደቡብ አፍሪካው ኦርላንዶ ፓይሬትስ ሲያቀና ገና የ20 ዓመት ወጣት ነበር። ከዚያ ሱፐርስፖርት ዩናይትድ፣ ከዚያ የቼክ ሪፐብሊኩ ምላዳ ቦሌስላቭ፣ የቬትናሙ ታን ሆዋ፣ ተመልሶም የደቡብ አፍሪካው ቢድቬስት ዊትስ። ኮልካታ ሲደርስ 28 ዓመቱ ነው። አዲስ ቋንቋ፣ አዲስ ምግብ፣ አዲስ አሠልጣኝ፣ በየጊዜው እንደገና ራስን ማስተዋወቅ። እኛ ቢሮ ውስጥ አንድን ደንበኛ አሳምነን ዓመት እናርፋለን፤ እሱ ግን ውሉ ባለቀ ቁጥር ከዜሮ ይጀምራል።

ህንድ ውስጥም እንዲሁ ሆነ። ኮልካታ በዚያው ዓመት ዋንጫውን ሲያነሳ ፍቅሩ በፍጻሜው ጨዋታ አልተሰለፈም። በቀጣዩ ዓመት በሌላ ክለብ ማሊያ፣ በቼናይን፣ መጣ። ታኅሣሥ 2008 ዓ.ም. በግማሽ ፍጻሜው መልስ ጨዋታ እዚያው ኮልካታ ላይ በቀድሞ ክለቡ መረብ ላይ ጎል አስቆጠረ። ቼናይን በድምር 4 ለ 2 አልፎ ዋንጫውን ወሰደ። ለእኔ ከመጀመሪያዋ ይልቅ ይህቺኛዋ ጎል ትበልጥብኛለች። ገበያ ፊቱን ሲያዞርብህ ሌላ ገበያ ፈልጎ መመለስ ማለት ይህ ነው።

ይህን ሁሉ ያነሳሁት በመሳላ ሰሞን ዶዮገና ቤተሰብ ጋ ሄጄ የሰማሁት ወሬ ከአእምሮዬ አልወጣ ስላለ ነው። (ለማታውቁት፣ መሳላ የከምባታ መስቀል ነው፤ ቆጮና ክትፎው ሲቀርብ የቤተሰብ ጉዳይ ሁሉ አብሮ ይቀርባል።) የእህቴ ልጅ 16 ዓመቱ ነው፤ ኳስ ይችላል። እኔ ስላልኩ ሳይሆን ሠፈሩ በሙሉ ይመሰክርለታል። ታዲያ አንድ ሰውዬ መጥቶ «ገንዘብ ካዘጋጃችሁ ጆሃንስበርግ ላለ ክለብ ሙከራ አስገባዋለሁ» ብሏቸዋል።

ዶዮገና ውስጥ «ደቡብ አፍሪካ» የአገር ስም ብቻ አይደለም። ከሆሳዕና እስከ ዱራሜ ወንድሙ፣ ልጁ ወይም አማቹ እዚያ ያልሄደበት ቤተሰብ በመከራ ነው የሚገኘው። አዲስ ቤት ተሠርቶ ሲታይ ገንዘቡ ከየት መጣ ተብሎ አይጠየቅም። በሞያሌ ወጥተው፣ ኬንያን፣ ታንዛኒያንና ማላዊን አቋርጠው ደርሰው ሱቅ የከፈቱ አሉ። መንገድ ላይ የቀሩም አሉ። የእነሱ ስም ግን በበዓል ቀን አይነሳም።

«ኳስ ቆጮ አይሆንም» አሉ ታላቅ አጎታችን። ቀጥለው ግን ወደ እኔ ዞረው፣ «አንተ ቢዝነስ ተምረሃል፤ ሄዶ ኳሱ ባይሳካለት እንኳ ሱቅ ይገባል። እስቲ አስላው» አሉኝ።

አሰላሁት። ፍቅሩ የሄደበትና ሰውዬው የሚያቀርበው ደቡብ አፍሪካ በካርታ ላይ አንድ ናቸው፤ በወረቀት ግን አይገናኙም። ፍቅሩ በአገሩ ትልቅ ክለብ ተጫውቶ፣ ስም አውጥቶ፣ ለአቅመ አዳም ደርሶ በክለብ ዝውውር ነው የሄደው። በዓለም አቀፉ እግር ኳስ ፌዴሬሽን፣ በፊፋ፣ ደንብ መሠረት ዕድሜው 18 ያልሞላ ተጫዋች ከጥቂት የተለዩ ሁኔታዎች በስተቀር ከአገር ወደ አገር ክለብ መቀየር አይችልም። የተለዩት ሁኔታዎችም ለምሳሌ ወላጆቹ ከኳስ ጋር በማይገናኝ ምክንያት ወደዚያ አገር ከሄዱ የሚሉ ዓይነት ናቸው። ስለዚህ ሰውዬው ቅን ሰው ቢሆን እንኳ አንድ የ16 ዓመት የዶዮገና ልጅ ብቻውን ሄዶ እዚያ ሊፈርም አይችልም። ያ ገንዘብ የሚገዛው ሙከራ ሳይሆን የሞያሌን መንገድ ነው።

አጎታችን ዝም አሉ። እህቴ ግን ሌላ ነገር ጠየቀች፦ «ታዲያ ዕድሉን ልንዘጋበት ነው?» ጥያቄዋ ትክክል ነበር። ልጁን በባዶ «አይሆንም» ማባረር ለደላላው አሳልፎ መስጠት ነው። አሥረኛ ክፍል ያለ ልጅ ሆሳዕና ድረስ ሄዶ ራሱን ማስፈተን ይችላል፤ አብዮ ኤርሳሞ ስታዲየም ሩቅ አይደለም፣ ሀዲያ ሆሳዕናም በፕሪሚየር ሊግ የተጫወተ ክለብ ነው። ከደቡብ የወጣ አጥቂ አይተን አናውቅም እንዳትሉ፦ ጌታነህ ከበደ የዲላ ልጅ ነው፤ በአገር ውስጥ ሊግ ጎል አግብቶ ነው ቢድቬስት ዊትስ የወሰደው። አገር ውስጥ የሚጫወትበት እያንዳንዱ ዓመት ቢመዘገብለት ደግሞ ነገ ለእሱም ለአሳዳጊ ክለቡም ይጠቅማል፤ የፊፋ ደንብ ከ12 ዓመት ጀምሮ ላሠለጠኑት ክለቦች የማሠልጠኛ ካሣ የሚከፈልበትን መንገድ አበጅቷል።

አንድ ቅድመ ሁኔታ አስቀመጥኩ፣ እህቴም ተስማማች፦ ትምህርቱ አይቋረጥም። አጥቂ ሠላሳዎቹ ውስጥ ሲገባ ጉልበቱ ይከዳዋል፤ እኔ በዚያ ዕድሜ ሥራዬን ገና እየለመድኩ ነው። ልጁ ይህን ስነግረው አልተዋጠለትም። የጠየቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ የሆሳዕናውን ትራንስፖርት ማን እንደሚከፍልለት።